ጉልበቱ ዳነ የሚለው ማን ነው?

«የተቀየረ ወይም የታከመ ጉልበት ምን ያህል እንደሚሠራ መለካት ያለበት ታካሚው ራሱ በሚሞላው መጠይቅ ነው።» በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ባለሙያዎች በጽሑፍ ተከራክረዋል። ደጋፊዋ ፊዚዮቴራፒስት፣ ተቃዋሚው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ናቸው። አንዱ የጻፈውን ሌላው እያነበበ በየተራ መልሰዋል።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦

ቀጠሮ ላይ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ታካሚው አልጋው ላይ ይወጣል። ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ካርዱ ላይ «120 ዲግሪ፣ ጥሩ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ራጁ ይታያል፤ የተተካው ብረት ቦታው ላይ ነው። በቃ፣ ዳነ። ሌሊት እያመመው እንደማይተኛ፣ ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ እንደሚይዝ የጠየቀው የለም።

ራጅ ሁሉን ይናገራል ብለን ስንማር ኖረናል። ግን ልም አጥንቱ አልቆ አጥንት ለአጥንት የሚፋተግበት ሰው ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ራጁ ላይ ይህ ነው የሚባል ነገር የማይታይበት ደግሞ ከወንበር መነሳት ያቅተዋል። ጥናቶችም ይህንኑ ደጋግመው አሳይተዋል።

ስለዚህ ሰውየውን ጠይቁት። በሥርዓት ነው ታዲያ። የኦክስፎርድ የጉልበት መጠይቅ 12 ጥያቄ ብቻ አለው። ያለፉትን 4 ሳምንታት ይመለከታል። ሲያነክሱ ነበር? ሌሊት ያምምዎታል? ተንበርክከው መነሳት ይችላሉ? ብቻዎን ዕቃ ገዝተው መመለስስ? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ 48 ከሆነ ጉልበቱ ደህና ነው። እንግሊዝ አገር ጉልበታቸው በመንግሥት ወጪ የሚቀየርላቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና ከ6 ወር በኋላ ይህን እንዲሞሉ ይጠየቃሉ። የሚሞላው ታካሚው ነው።

ለምን ያስፈልጋል ለሚል አንድ ቁጥር ይበቃል። ጉልበታቸው ከተቀየረላቸው ሰዎች ከ5ቱ አንዱ ገደማ አልረካሁም ይላል። ራጃቸው ላይ ግን ብዙ ጊዜ እንከን አይገኝም።

ሐኪሙ፦

እህቴ የጻፉትን አነበብኩ። ልብ ይነካል። ግን የተጠራነው ስለ ርኅራኄ እንድንጽፍ ነው እንዴ? ርዕሱ መለኪያ መሰለኝ።

ታካሚውን የማይጠይቅ ሐኪም የለም። ዋናው ነገር መልሱ ምን ይለካል የሚለው ነው። ጉልበታቸው የተቀየረላቸው ሰዎች 1 ወር ሲሆናቸው ተጠንተዋል። መጠይቁን ሲሞሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበሩበት ብዙም የባሱ አልመሰሉም። ሲራመዱና ደረጃ ሲወጡ በሰዓት ሲያዙ ግን ከበፊቱ በጣም ቀርፋፋ ሆነው ተገኙ። የጭን ጡንቻቸው ደክሟል። የድሮው ሕመም ቀለል ሲል እግራቸው የሠራ መሰላቸው። መጠይቁ «ደረጃ መውጣት ምን ያህል ይከብድዎታል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰው የሚመልሰው ምን ያህል እንደሚያመው ነው።

እኔ የምፈልገው ወንበርና የእጅ ሰዓት ብቻ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ ይነሳል? 40 ሜትር በስንት ሴኮንድ ይሄዳል? ደረጃውንስ? የኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት) ምርምር ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 እንደነዚህ ያሉትን ፈተናዎች መክሯል። ከእኔ ኪስ የወጡ አይደሉም።

ሰው ስለ ራሱ ጉልበት ይዋሻል። ሰዓት አይዋሽም።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦

«ሰው ስለ ራሱ ጉልበት ይዋሻል።» ይህን የጻፉት ሐኪም መሆናቸውን መለስ ብዬ ማረጋገጥ ነበረብኝ።

እሺ፣ ይዋሻል እንበል። ለማን ነው የሚዋሸው? ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ዶክተር» ይላል። ምን ይበል? ቀዶ የሰፋው ሰው ፊቱ ቆሟል። ውጭ ወረፋው ረጅም ነው። «ኧረ አልተሻለኝም» ማለት ውለታ ቢስነት ይመስለዋል። ይህ ይሉኝታ ነው፤ ዶክተሩ ውሸት ብለው ጻፉት።

ሊሾልም የሚባለው የጉልበት መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ሐኪሙ እየጠየቀ የሚሞላው ነበር። በኋላ ተነጻጽሮ ታየ። ጠያቂ ፊቱ የተቀመጠበት ታካሚ ብቻውን ሲሞላ ከሚሰጠው የበለጠ ነጥብ ለጉልበቱ ይሰጣል። ወረቀቱን ለታካሚው ሰጥታችሁ ዞር በሉ የምንለው ለዚህ ነው።

ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የሂዩስተን ጥናት አለ። 180 ታካሚዎች ናቸው፤ ጉልበታቸው የተበላ። የከፊሎቹ ጉልበት በካሜራ ተገብቶ ታጠበ ወይም ተጠረገ። የቀሩት ቆዳቸው ብቻ ተበጥቶ ተሰፋ። ማን የትኛው እንደደረሰው አያውቅም። እስከ 2 ዓመት ድረስ ስለ ሕመማቸው ተጠየቁ። የታጠበውም የተጠረገውም ከተበጣው አልበለጠም። ያንን ቀዶ ሕክምና ስንት ሐኪም በሙሉ ልብ ሲሠራው ኖሯል? ራጅ አላጋለጠውም። ያጋለጡት የዶክተሩ «ውሸታሞች» ናቸው።

ሐኪሙ፦

የሂዩስተኑን ጥናት ስላመጡልኝ አመሰግናለሁ። ላመጣው ነበር። ቆዳቸው ብቻ የተበጣው ሰዎችም እኮ ተሽሎናል ብለዋል! ጉልበታቸው ውስጥ የተነካ ነገር የለም። ታዲያ ምናቸው ነው የተሻለው? ያ ጥናት ትልቅ የሆነው ማነጻጸሪያ ስለነበረው ነው። ማነጻጸሪያውን አውጥታችሁ መጠይቁን ብቻ ብትተዉት፣ ያ ቀዶ ሕክምና ዛሬም ሲመሰገን ይኖር ነበር። በነገራችን ላይ፣ እዚያው ጥናት ላይ መራመድና ደረጃ መውጣት በሰዓት ተለክቷል። ይህቺን እህቴ ዘለል አደረጓት።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንግባ። ኬ.ኦ.ኦ.ኤስ. የሚባል 42 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ፣ በብዙ አገር የሚሠራበት። ገንዳ ውስጥ ገብቶ መውጣት ምን ያህል ይከብድዎታል ይላል። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ገንዳ ውስጥ ታጥበው አያውቁም። ቁጢጥ ማለትና መንበርከክ የተጠየቁት የት እንደሆነ ያውቃሉ? «ስፖርትና መዝናኛ» በሚለው ክፍል፣ ከሩጫና ከዝላይ ጎን! ሽንት ቤት ቁጢጥ የሚሉት እናት ስፖርተኛ ሆኑ ማለት ነው። በጾም የሚሰግዱት አባት፣ በቀን አምስቴ ሶላት የሚሰግዱት ሰውዬ፣ ሁሉም መዝናናት ላይ ናቸው። ዱካ ላይ ተቀምጣ ቡና የምታፈላዋስ የትኛው ጥያቄ ውስጥ ትገባለች? «የታካሚው ድምፅ» እያሉ የሚያወድሱት የሌላ አገር ታካሚ ድምፅ ነው።

የእኔ ወንበር ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦

አንደኛ፣ «እህቴ» የሚለው ይቅርብኝ። እኔ ዶክተር እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ወንድም ጋሼ አላልኳቸውም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቁጢጥና ስለ ስግደት ያሉትን በደስታ እቀበላለሁ። አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ። ዶክተሩ የጀመሩት ታካሚው ይዋሻል ብለው ነው። አሁን ደግሞ ስለ ስግደቱ ለምን አልተጠየቀም፣ ስለ ዱካው ለምን አልተጠየቀም ብለው ይቆጣሉ። የሚዋሽ ከሆነ ቢጠየቅ ባይጠየቅ ምን አሳሰባቸው? ያ ጣጣ የሌለበት ወንበርም ቁመቱ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከእሱ መነሳትና ከዱካ መነሳት አንድ ነው? ቡና የምታፈላዋ ሴት በሰዓታቸውም ውስጥ የለችም። እኔ ግን ጥያቄ ጨምሬ ልጠይቃት እችላለሁ።

ሦስተኛ፣ አንደባበቅ። እንግሊዝ አገር የመጠይቁ ውጤት በየሆስፒታሉ ተለይቶ ለሕዝብ ይወጣል። የየትኛው ሆስፒታል ታካሚ ምን ያህል እንደተሻለው የፈለገ ሰው ያያል። የዶክተሩ ሰዓት ግን ያነበበው ቁጥር ካርድ ላይ ይጻፋል፤ ካርዱም ካርድ ክፍል ይገባል። ወረቀቱ አይለካም እያሉ ይህን ያህል የሚቆጡት፣ መለካቱን ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

ሐኪሙ፦

እንግዲህ ፈሪ ተባልኩ። ይሁን። በዚህ ሙያ ጸጉሬ ሸብቷል። ከታካሚዎቼ የደበቅኩት ነገር የለም፤ ከባልደረባ ግን እንዲህ ያለ ቃል አልጠበቅኩም።

አንዲት ሴት እንውሰድ። ወገቧን ያማታል። ዳሌዋ ተበልቷል። ባሏ ሞቶባት ከቤት አትወጣም። ጉልበቷን ቀየርኩላት፤ ጉልበቷ ይሠራል። መጠይቁ «ብቻዎን ዕቃ ገዝተው መመለስ ይችላሉ?» ይላታል። «አልችልም» ትላለች። እውነቷን ነው። ታዲያ ነጥቡ የሚወርደው የማን ነው? የኔ! ሕዝብ የሚያየውም ያንን ነው። ነገ ምን የማደርግ ይመስላችኋል? እንደ እሷ ያለችውን በቀጠሮ አንከራትቼ፣ ቀጠን ያለውን፣ ደስተኛውን፣ ሌላ በሽታ የሌለበትን አስቀድማለሁ። እኔ ባላደርገው ጎረቤቴ ያደርገዋል።

ማንበብ የማይችለውስ? ልጁ ነው የሚሞላለት። ለሕክምናው የከፈለውም ልጁ ነው። «ይህ ሁሉ ብር ወጥቶ አልዳንኩም» የሚል አባት ካለ ያሳዩኝ።

የ1 ወሩን ጥናት በተመለከተ ግን እስካሁን መልስ አላገኘሁም። እየጠበቅኩ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦

በ1 ወሩ ክራንች የያዘን ሰው ስለ ገበያ አንጠይቅም። እንግሊዞች በ6 ወር ነው የሚጠይቁት ብዬ ገና ስጀምር ጽፌያለሁ።

ወገብና ዳሌን በተመለከተ፣ የሆስፒታሎቹ ውጤት ከመውጣቱ በፊት በታካሚዎቹ ዕድሜና በሌሎች ሕመሞቻቸው ይስተካከላል። ዶክተሩ ይህን ሳያውቁ የጻፉ አይመስለኝም። ለማያነበው ይነበብለት። አንባቢው ግን ቀዶ ሕክምናውን የሠራውም ብሩን የከፈለውም አይሁን።

አሁንም ያቺ ሴት ከሐሳቤ አልወጣችም። ገበያ መሄድ አልችልም ትላለች። ዶክተሩ ጉልበትሽ ይሠራል ይሏታል። ለማን ነው የሚሠራው?

ሐኪሙ፦

ጥሩ ተብሏል። ይጨብጨብ።

ግን 6 ወር ድረስ ምን ሆና ትጠብቅ? የጭኗ ጡንቻ እየሰለለ «ተሽሎኛል» እያለች ቤቷ ትቀመጣለች። በ6 ወሯ ወረቀት ብልክላት ምን ይፈይድላታል? በ1 ወሯ ወንበር ላይ አስቀምጬ ባስነሳት ግን ድካሙን ያኔውኑ አየዋለሁ። ካየሁ በኋላስ ወደ ማን ነው የምልካት? ወደ ፊዚዮቴራፒ ነው እኮ! ሰዓቱ የሚሠራው ለእርስዎ ነው። የላክኋትን ወረቀትዎን ያስሞሏት፣ አልከለክልም።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦

ይላኳታ! ማን እምቢ አለ? እኔ ጋ የሚመጡት ጉልበታቸው ደርቆ አልታጠፍ ካለ በኋላ ነው። ማን ላከዎት ስላቸው ጎረቤት ነግሮኝ ነው ይሉኛል።