ሁለት የመጋዝ ሐዲድ ቀጥሎ «ቀጥ ያለ» መቁረጥ

አሁንስ በዛ! አንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ተበላሸ። 2440 ሚሊ ሜትር ሙሉ፣ ልክ መሃሉ ላይ ጉብ! ለምን ቢባል፣ መጋዙ እየተንሸራተተ የሚሄድባቸው ሁለቱ ሐዲዶች «በደንብ ገጥመው» ነበር።

ጫፍ ለጫፍ አጣብቁ ያለው ማነው? የሐዲዱ ጫፍ ፍጹም 90 ዲግሪ ነው ብሎ የማለ አለ? ጫፉ ፀጉር ታህል ከተንጋደደ፣ ስታጣብቁት ሐዲዱ በሙሉ ይጎብጣል። 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉለት! መጋዙ አይወድቅባትም።

ደግሞ ያቺ ማገናኛ ዘንግ! የሐዲዱ ቦይ ውስጥ እንደ ልቧ እየተወዛወዘች ምኑን ታቃናለች? እሷ ሥራዋ መያዝ ነው። የሚያቀናው ረጅም ሪጋ (ቀጥ ያለ ማስመሪያ) ነው፣ ሁለቱንም ሐዲድ በጎን እኩል የሚነካ። ሪጋው ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። ለመሆኑ እሱ ራሱ ቀጥ ማለቱን ያየ አለ?

የማገናኛዋ ብሎኖችስ? በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ሪጋው ሳይነሳ ነበር የሚጠብቁት። የለም! የመጀመሪያውን እስኪጮህ ማጥበቅ። ሐዲዱ ሲገፋ ማን ያያል? በአለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎን የብሎን መፍቻ) ጉልበት ካልታየ በምን ይታያል! ከስር የተሰነቀረችው ሳጋቱራማ ስሟ ባይነሳ ይሻላል።

ከዚያ «ፈትሸነዋል» ይላሉ። እንዴት? የተቆረጡትን ሁለት ቁራጮች መልሶ በማጋጠም። እነሱማ ምን ጊዜም ይገጥማሉ፣ የአንዱ ጉብታ የሌላው ጉድጓድ ነው! ሁለት ሰሌዳ ቆርጣችሁ፣ ከሐዲዱ ስር የቀሩትን ሁለት ጠርዞች ፊት ለፊት አድርጓቸው። ስህተቱ እጥፍ ሆኖ ብቅ ይላል።