የድሬ ሰው፣ በማን ላይ ነው የሳቅነው?

የድሬ ልጆች፣ ዛሬ የተቆጣሁት በእናንተ ነው። ጎረምሶች አንዲትን ቲማቲም ሻጭ እናት ለቀልድ ያስደነገጡበትን ቪዲዮ አይታችሁታል። ፈልጋችሁ ባታዩት እንኳ አንዱ ልኮላችኋል። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ ሳቃችሁበት፣ ከዚያ ለሌላ ሰው ላካችሁት። እኔ ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣልኝም።

ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ በበጋ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ውኃ የለም፣ አሸዋ ብቻ ነው። ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ጥግ ይዘው የሚቸረችሩም አሉ። ከነሱ አንዷ ቲማቲምና ቃሪያ ላስቲክ ላይ መደብ መደብ አድርጋ የምትሸጥ እናት ናት። ደንበኛዋ ነኝ። (ድሬ ነውና አንቱ አልላትም፤ እሷም ቅር አይላትም።)

ቪዲዮው ላይ ሁለት ጎረምሶች ስፒከር ይዘው ከኋላዋ ይመጣሉ። ሦስተኛው የወንዙ ዳር ግንብ ላይ ሆኖ ይቀርጻል። መጀመሪያ የሚጎርፍ ውኃ ድምፅ ይከፍታሉ። ሴትዮዋ አንገቷን ቀና ታደርጋለች። ከዚያ አንዱ «ጎርፍ! ጎርፍ መጣ! ውጡ!» ብሎ ይጮኻል። በኦሮምኛም ይደግመዋል።

ወደኋላ እንኳ አላየችም። ተነሥታ ሮጠች። ቲማቲሙን ረገጠችው፣ አንድ እግር ጫማዋ አሸዋው ላይ ቀረ፣ ነጠላዋ ወደቀ። ግንቡ ጋ ስትደርስ መውጫ አጣች። በእጇ ልትቧጥጠው ሞከረች፣ በጉልበቷ ወደቀች፣ እንደገና ተነሣች። እዚያ ላይ የሰው ስም ትጠራለች። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ብትሰሙት በደንብ ይሰማል። ልጆቹ እየሳቁ «ፕራንክ ነው እማ፣ ፕራንክ ነው፣ ካሜራውን እዪው!» ይሏታል። ዞራ አየችው። ቪዲዮውን እዚያ ላይ አቆሙት። ፊቷን አቅርበው የሚያስቅ ሙዚቃ ጫኑበት።

የጠራችው ስም የታናሽ እህቷ ነው። እህቷን ከሕፃን ልጇ ጋር ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ወስዷታል።

ልጆች ሆይ፣ ማንም ካልነገራችሁ እኔ ልንገራችሁ። ያን ሌሊት ውኃው የመጣው ከደጋው ነው። ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ተጠራቅሞ በጨለማ ከተማው ውስጥ ገባ። ሰው ተኝቶ ነበር። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፣ በሺዎች የሚቆጠር ቤት አልባ ሆነ። አስከሬኑ ያልተገኘለት ቤተሰብ አለ። የጎርፍ መከላከያ ግንቡ የተሠራው ያ ሁሉ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ካሜራ የያዘው ልጅ ቆሞ የሚስቀው እዚያ ግንብ ላይ ነው።

ጎረምሶቹ ያኔ አልተወለዱም ይሆናል፣ ቢወለዱም ሕፃናት ናቸው። አላወቁም ልበል። አንተስ? ያን ሌሊት ጣራ ላይ ያደርከው፣ ልጅህን በአንገትህ ተሸክመህ የወጣኸው፣ አንተ ቪዲዮውን ለሰፈር ግሩፕ የላክኸው በምን አንጀትህ ነው? አንቺስ? ጎረቤትሽን ቀብረሽ የተመለስሽ ሴት፣ ከሥሩ የሳቅ ምልክት ደርድረሽ አየሁ። ወላሂ፣ በልጆቹ ከተናደድኩት በላይ በእናንተ ተናደድኩ።

ከቲክቶክ ወደ ቴሌግራም ተሻገረ። የዕድር ግሩፕ ውስጥ ገባ። በርጫ ላይ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጅቡቲ ያለ ዘመድ መልሶ ለድሬ ላከው፤ «አያችሁልኝ?» እያለ። አንዱ የደነገጠ ፊቷን ስቲከር አደረገው። አሁን ሰው ወሬ ሲደንቀው የሷን ፊት ይልካል። ማን እንደሆነች የማያውቅ ሁሉ ፊቷን ያውቀዋል። ልጇ ትምህርት ቤት ስትሄድ ጓደኞቿ እናቷ የሮጠችውን አሯሯጥ እያስመሰሉ ይሮጡባታል። ሕፃናቱን ምን ብዬ ልቆጣ? ያየነውን ነው የሚያዩት።

ልጆቹ ኋላ ላይ ቪዲዮውን አጠፉት አሉ። ምን ዋጋ አለው? ቅጂው እኛ ስልክ ላይ ነው። ቲክቶክ ሰው እስከ መጨረሻው ያየውን፣ ደግሞ ያየውን፣ ያጋራውን ቪዲዮ እየመረጠ ለሌላው ያቀርባል። «ያሳዝናል፣ እዩት» ብሎ የላከም ያው አሳላፊ ነው። ሦስት ጎረምሶች አሸዋው ላይ አስደነገጧት፣ አገር ለአገር ያዞራት ግን የኛ ጣት ነው።

ሕግማ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ከልክሏል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም የሰውን ክብር የሚነካ ቪዲዮ ያሰራጨን ያስቀጣል። እሷ ግን ክሰሺ ብንላት «ከልጆች ጋር ምን አካሰሰኝ» አለች።

ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ደቻቱ ሲሞላ ብዙ ጊዜ ከሰማይ ምልክት የለውም። እኛ ጋ ፀሐይ ሆኖ ላይኛው አገር ሊዘንብ ይችላል። ያኔ የሚያድነን ከላይ ያየ ሰው የሚደውለው ስልክና «ጎርፍ መጣ» የሚለው ጩኸት ነው። ያን ጩኸት መሣቂያ አደረግነው። ነገ አንዱ ከልቡ ሲጮህ አሸዋው ላይ ያለው ሕፃን ካሜራ ይፈልጋል ወይስ ይሮጣል?

ሳቅ የሚጠላ ሰው ድሬ ላይ መኖር አይችልም፣ እኔም አልጠላም። ባጃጅ ላይ አንገቷን አውጥታ የምትሄደውን ፍየል ላኩልኝ፣ እስኪያመኝ እስቃለሁ። ሠርግ ላይ እስክስታው የጠፋበትን ሙሽራ፣ እሱ ራሱ የለቀቀውን፣ እኔም ለዘመድ ልኬዋለሁ። ድሬ በሙቀቱም በችግሩም የቆየችው በጨዋታዋ ነው። ግን ያ ጨዋታ ፊት ለፊት ነበር። የተቀለደበትም አብሮ ይስቃል፣ ሲከፋው «አቦ ተወኝ» ይላል፣ እንተወዋለን። ይቺ እናት ለማን ተወኝ ትበል? ጅቡቲ ላለው ነው?

ልጆቹን ማን አሳደጋቸው? እኛው ነን። ሐምሌ 30 ሲመጣ የሞቱትን ስም ጠርተንላቸው እናውቃለን? ስልክ ገዝተን ሰጠን፣ የዚያን ሌሊት ወሬ ግን አልሰጠናቸውም።

በዕድር ግሩፓችን አንድ አዛውንት ብቻ «ይህችን ሴት አውቃታለሁ፣ አጥፉት» ብለው ጻፉ። ለረጅም ሰዓት ማንም አልመለሰም። ማታ ላይ አንዱ አጠፋ፣ ከዚያ ሌላው። አንዲት ልጅ ስቲከሩን ሪፖርት አድርጋ ጓደኞቿንም አስደረገች። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን አለች። እስቲ እናንተም ዛሬ ስልካችሁን ከፍታችሁ አጥፉት። የላከላችሁንም ሰው ንገሩት። ነገ ሌላ ሲመጣላችሁ ከመላካችሁ በፊት እዚያ ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሁላችሁም ትሰሙኛላችሁ ብዬ አልጠብቅም። ስመክር ኖሬያለሁ፣ ደክሞኛል። ግን የድሬ ሰው ከልቡ ክፉ እንዳልሆነ አውቃለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም።

አንተም ግንቡ ላይ ቆመህ የቀረጽከው ልጅ፣ ይህ ጽሑፍ አንተም ጋ ይደርሳል። ሂድና ይቅርታ ጠይቃት። የረገጠችውን ቲማቲም ክፈላት። ጓደኞችህንም ይዘሃቸው ሂድ። ጠዋት ከሄዳችሁ ታገኟታላችሁ፣ ፀሐዩ ሲበረታ ትገባለች። ስልካችሁን ግን ቤት አስቀምጡት።