እርማት፦ ፖስትዶክ ለዜጎች ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ «በባዮኬሚስትሪ ዶክትሬት ብትይዝም አሜሪካ ፖስትዶክ (ከዶክትሬት በኋላ የሚሠራ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ) የሚሰጠው ለዜጎቹ ብቻ ነው» ያልከው ትክክል አይደለም። ብዙ ሰው ስለሚደጋግመው ላርመው። ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህ ወሬ ሳያመለክት እንደሚቀር ሳስብ ያናድደኛል።

ወሬው መነሻ አለው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ኤፍ32 የሚባለውን ድጋፍ የሚሰጡት ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ነው። ግን ይሄ አንዱ መንገድ ብቻ ነው። ብዙ ፖስትዶክ የሚቀጠረው ፕሮፌሰሩ ለቤተ ሙከራው (ላብ) ባገኘው የምርምር ገንዘብ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ቪዛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጄ-1። የእነዚሁ የጤና ተቋማት ኬ99 የሚባለው ድጋፍ እንኳ ዜግነት አይጠይቅም።

ስለዚህ ማስታወቂያ ከመጠበቅ ለላቡ ኃላፊ በቀጥታ ኢሜይል መጻፍ ያዋጣል። ምን መሥራት እንደምትችል ግልጽ አድርገህ ጻፍ፦ ፕሮቲን ማጣራት፣ የኢንዛይም ሙከራ፣ ሞለኪውላር ዶኪንግ (አንድ ሞለኪውል ከፕሮቲን ጋር እንዴት እንደሚገጥም በኮምፒውተር መገመት)። ዶኪንግ ብቻ ከሆነ ያለህ ግን የላብ ሙከራ ጨምርበት። ኮምፒውተር የመረጠው ሞለኪውል በላብ እስካልተፈተነ ድረስ ግምት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶውስካ-ኪዩሪ ፌሎሺፕም ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ነው። ከማመልከቻው መዝጊያ ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በምትሄድበት አገር ከ12 ወር በላይ መኖር ወይም መሥራት ነው የሚከለክለው።

አፍሪካ ውስጥም አለ። ፕሮፌሰር ኬሊ ቺባሌ በ2010 እ.ኤ.አ. በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ኤች3ዲ ማዕከል የወባና የቲቢ መድኃኒት ፍለጋ ላይ ይሠራል። ከእሱ ብትጀምር ደስ ይለኛል።