ለዱባ በዓል ብረት ለበስ

የአሜሪካን ፖሊስ የሚያማ ሰው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምቀኛ ነው። ኪን የምትባለውን የኒው ሃምፕሸር ከተማ ተመልከቱ። 23 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነው ያላት። በየዓመቱ ዱባ ፈልፍለው፣ ውስጡ መብራት አብርተው ይደረድራሉ፤ ትልቁ በዓላቸው ይሄው ነበር። ፖሊሷ ታዲያ የብረት ለበስ መግዣ ከአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሲጠይቅ፣ ሽብርተኛ ሊያነጣጥርባቸው ይችላል ብሎ ከጠቀሳቸው አንዱ የዱባው በዓል ነበር። ሳቃችሁ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ! 285 ሺህ ዶላር ገደማ ተፈቀደና መኪናው መጣ። (በ2014፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ በበዓሉ ሰሞን የሰከሩ ተማሪዎች ጠርሙስ ሲወራወሩ እንደነበር አልክድም። አልቃይዳ ግን እስካሁን ዱባ ሊያይ አልመጣም።)

ይህ ሁሉ ጥበብ በአንድ ቀን አልተገኘም። በሎስ አንጀለስ ዋትስ ሰፈር በ1965 ከተነሣው ዓመፅ በኋላ ዳሪል ጌትስ የተባሉ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ መኮንን ስዋት የሚባለውን፣ ከባድ መሣሪያ የታጠቀ ልዩ የፖሊስ ቡድን አደራጁ። ለክፉ ቀን ብቻ የሚጠራ ቡድን። ክፉ ቀኑ ግን ሳይበዛ አልቀረም፤ ፒተር ክራስካ የተባሉት ተመራማሪ እንደገመቱት በ1980ዎቹ መጀመሪያ በመላ አገሪቱ በዓመት 3 ሺህ ጊዜ ገደማ ይሰማሩ የነበሩት እንዲህ ያሉ ቡድኖች በ2000ዎቹ 45 ሺህ ደረሱ። አብዛኛው ደግሞ ታጋች ማስለቀቅ እንዳይመስላችሁ። አደንዛዥ ዕፅ አለ የተባለበትን ቤት በር መስበር ነው።

ለነገሩ እነሱም እውነት አላቸው። በ1997 ሰሜን ሆሊውድ ላይ ጥይት መከላከያ የለበሱ ሁለት ባንክ ዘራፊዎች አውቶማቲክ ሲያርከፈክፉ፣ ሽጉጣቸው አልበሳ ያላቸው ፖሊሶች ጠመንጃ ፍለጋ ወደ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ሮጡ። ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ! አሁን እንዲህ ያለ ጉድ የለም። 1033 የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ሠራዊቱ የተረፈውን ያድላል፣ ለኢራቅ ፈንጂ የተሠራውን መኪና ሳይቀር። ለዕቃው አይከፈልም፣ የማጓጓዣውን ብቻ ቻል። አንዲት ትንሽ ግዴታ አለች፦ የወሰድከውን በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ላይ ማዋል አለብህ። ሥራ ከጠፋስ? በር አይጠፋም።

የሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶች ፖሊስ እንኳ ሦስት ቦምብ ማስወንጨፊያ ደርሶት ነበር። የትኛው ክፍል ቢረብሽ ነው እንዲህ? የሳንዲያጎ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ያንን ፈንጂ የማይበግረውን መኪና ወሰዱና ሰው ሲጮህባቸው፣ ውስጡ የሕክምና ዕቃና የድብ አሻንጉሊት እንጭንበታለን አሉ። አንጀት ይበላሉ። በ2014 ፈርጉሰን በምትባል የሚዙሪ ከተማ ፖሊስ በሰልፈኛ ላይ ጠመንጃ ሲደግን ዓለም ካየ በኋላ መኪናውም ማስወንጨፊያውም ይመለስ ተባለ። በ2015 ኦባማ ሳንጃ ጭምር ከለከሉ (ፖሊስ ሳንጃ ምን ያደርግለታል እንዳትሉኝ)፤ ትራምፕ በ2017 ክልከላውን ሻሩት።

ከሁሉም ግን ምስጋናዬ በ2017 ይፋ ለሆነው ፖሊስ ነው። የኮንግረሱ ኦዲተሮች የሌለ የፖሊስ መሥሪያ ቤት ፈጥረው፣ ሐሰተኛ ድረ ገጽ ከፍተው ለዚያው ለ1033 አመለከቱ። ከመቶ በላይ ዕቃ ተሰጣቸው፣ የሌሊት ማያ መነጽር፣ የመለማመጃ ጠመንጃ፣ ምን ቅጡ፣ 1.2 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ። ይህን ሁሉ ተረክቦ የአንድም ሰው በር ያልሰበረ ፖሊስ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።