14 ድምፅ አግኝቼ ተሸነፍሁ

የዛሬውን የክፍል ውሎ ሳልጽፈው እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። የየአገሩን ልዑክ ሆነን በምናደርገው የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት የክፍል ልምምድ ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ የለፋሁበት የተኩስ አቁም የውሳኔ ሐሳብ፣ ለማለፍ 9 ድምፅ በሚበቃበት ምክር ቤት 14 ድምፅ አግኝቶ፣ አንዲት ገጹን እንኳ ባልገለጠ ሰው እጅ ወደቀ።

ያ ልጅ የአንዳቸው ተቃውሞ ብቻውን ውሳኔን ከሚጥለው ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱ የሆነው በዕጣ ነው። ባለፈው ወሰነ ትምህርት በቡድን ሥራችን «የእኔን ክፍል ሌሊት እልካለሁ» ብሎ እስከ ዛሬ ያልላከው ያው ልጅ ነው። ለእኔ የደረሰኝ የሁለት ዓመት ተለዋጭ መቀመጫ ነበር፤ ዕጣ እንኳ ለኃያላን ያደላል።

ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ወንበሩ ድረስ ሄጄ ለመንሁት። «መደገፉ ቢቀር ድምፀ ተዓቅቦ አድርግ፤ የቋሚ አባል ተዓቅቦ እንደ ተቃውሞ አይቆጠርም» አልሁት። ዝም ሲለኝ ጊዜ፣ «እ.ኤ.አ. በ1950 የኮሪያው ጦርነት ውሳኔ ያለፈው የቋሚ አባሏ የሶቪየት ኅብረት ልዑክ በስብሰባው ባለመገኘቱ ነው፤ አንተም ለአምስት ደቂቃ ሽንት ቤት ደርሰህ ብትመጣ ይበቃኛል» አልሁት። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ጦርነቱ የት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቆጠራው ሲጀመር ግን ነቃ። እጁን አውጥቶ «እቃወማለሁ» አለ፤ ምክንያቱን ሲጠየቅም «ቋሚ አባል ምክንያት ይጠየቃል እንዴ?» ብሎ መለሰ፤ ክፍሉም አውካካ። እኔ ሞኟ ተነሥቼ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የቋሚ አባላት በድምፅ የመሻር መብት (ቬቶ) ጥቅም ላይ ሲውል አባል አገራት ሁሉ ያሉበት ጠቅላላ ጉባኤ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ተሰብስቦ እንደሚከራከርበት አስረዳሁ። መምህራችን ፈገግ ብለው «ልክ ነሽ፣ ይከራከራሉ፤ ከዚያስ?» አሉኝ። እነሆ እስከ አሁን ለዚያች «ከዚያስ» መልስ እየፈለግሁ ነው።

ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ተለጠፈ። እርሱ «ሪያሊዝምን» (አገሮችን የሚመራቸው ኃይልና ጥቅም ነው የሚለውን አስተሳሰብ) «በተግባር አሳይቷል» ተብሎ ከ20 ነጥብ 18 አገኘ፤ እኔ «የኃይል ሚዛንን አላገናዘበችም» ተብዬ 14። ለእያንዳንዱ ደጋፊዬ አንድ ነጥብ መሆኑ ነው።

ይህን የዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት መርጬ የገባሁት ማንም ሳያስገድደኝ ስለሆነ የምከስሰው ሰው የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱ ኮርስ የሉዓላዊ አገሮች ሥርዓት መነሻ ከሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1648ቱ የዌስትፋሊያ ስምምነት ሲጀምር ኖሯል፤ ከዚያ በፊት በምድር ላይ ሰው አልነበረም ሊባል ምንም አልቀረውም። «ዓለም አቀፍ ጉዳዮች» በተባለው ኮርስ ደግሞ አንድ ሳምንት የአየር ንብረት ለውጥ፣ በሚቀጥለው ስደተኞች፣ በሦስተኛው የኑክሌር መሣሪያ እየተባለ፣ የሰው ልጅ መከራ ሁሉ በስላይድ ተሸንሽኖ ይቀርብልናል። ዘመድ በበኩሉ «አምባሳደር የምትሆኚው መቼ ነው?» ይለኛል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ተለማማጆቹን ያለ ክፍያ እንደሚያሠራ ለማን ልንገር?

ይህን እየጻፍሁ ሳለ የሚቀጥለው የቡድን ሥራ ምደባ ደረሰኝ። ርእሱ የጸጥታው ምክር ቤት ማሻሻያ ነው፤ ቻርተሩን ለማሻሻል የአምስቱም ቋሚ አባላት ማጽደቅ ግድ መሆኑን እያወቅን ማለት ነው። የቡድን አጋሬ ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም፤ መልእክቱም ቀድሞ ገብቷል፦ «የእኔን ክፍል ሌሊት እልካለሁ»።