ውጭ አገር የተሸጠው ላይሰንስ፣ ብሩ ገብቷል ወይ?

ሐዋሳ ውስጥ ቡና ላይ የሚወራው ስለ አክሲዮን ሆኗል። ጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን፣ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ለሕዝብ አቀረበ። ጥር ላይ አክሲዮን የሚገበያይበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ "የቱን ልግዛ?" የማይል የለም። ነገ ከነገ ወዲያ ደግሞ "ሶፍትዌራችንን ለውጭ ደንበኞች በላይሰንስ፣ ማለትም በመጠቀሚያ ፈቃድ፣ እንሸጣለን፣ ገቢያችን በዶላር ነው" የሚሉ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች መምጣታቸው አይቀርም። ዶላር ሲባል ልባችን ይሸፍታል።

ያኔ ገቢው ስንት እንደሆነ ብቻ ሰምተን እንዳንነሳ። ስንቱ ባንክ ገባ? ሞቢል አካባቢ ያሉ ባለሱቆች ይህን ማንም አያስተምራቸውም። የዱቤ ደብተራቸው የቱንም ያህል ቢወፍር፣ እሱን ይዘው ጅምላ ሻጭ ጋ አይሄዱም።

የቤልጂየሙ ለርናውት ኤንድ ሃውስፒ የሰው ንግግር የሚለይ ሶፍትዌር ይሠራ ነበር። ማይክሮሶፍት ሳይቀር ገንዘብ አፍስሶበታል። ከኮሪያ አገኘሁ የሚለው ሽያጭ ግን ድንገት ተተኮሰ። ሲንጋፖር ውስጥም ገና የተወለዱ፣ ማንም የማያውቃቸው ድርጅቶች የላይሰንስ ገዢ ሆነው ብቅ አሉ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2000 የዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጠኞች ኮሪያ ውስጥ ደንበኛ የተባሉትን ኩባንያዎች ጠየቁ። አንዳንዶቹ ጭራሽ ከኩባንያው ጋር እንደማይሠሩ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ኪሳራ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2010 መሥራቾቹ ቤልጂየም ውስጥ ተፈረደባቸው። ለማጣራት ደንበኛውን መጠየቅ ብቻ በቂ ነበር። ኦዲተር ተብዬዎቹ ምን ሲሠሩ ነበር ያስብላል።

ገንዘቡ ሳይገባ የተመዘገበ ገቢ ሁሉ ማጭበርበር ነው ማለቴ አይደለም። እኛም አገር የሚሠራበት ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደንብ፣ ሶፍትዌሩን አስረክቦ የመጠቀም መብት የሰጠ ድርጅት፣ ክፍያው በሦስት ዓመት ቢመጣም አብዛኛውን ገቢ ዛሬውኑ እንዲመዘግብ ሊፈቅድለት ይችላል። ስለዚህ ወረቀት ላይ ትርፋማ ሆኖ ለደመወዝ ብድር የሚለምን ድርጅት አይገርምም።

እኛ ጋ ደግሞ የምንዛሪው ጣጣ አለ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ውጭ አገር አንድ ሚሊዮን ዶላር ያልተሰበሰበ ሒሳብ የነበረው ድርጅት፣ አንድም ሳንቲም ሳይከፈለው፣ መዝገቡ ላይ ከ40 ሚሊዮን ብር በላይ "አተረፈ" ማለት ነው። ደንበኛው ከጠፋ ትርፉም አብሮ ይጠፋል። እስከዚያው ግን ዜና ላይ "ትርፉ በእጥፍ አደገ" ተብሎ ይነበብልናል።

እና አክሲዮን ሲሸጥ ለገዢዎች የሚቀርበው የደንበኛ ሳቢ መግለጫ ሲወጣ፣ ፎቶና ራዕይ ያለበትን ገጽ እለፉና የገባና የወጣ ገንዘብ ወደሚታይበት የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ሂዱ። ከዋናው ሥራ የገባው ጥሬ ገንዘብ ከትርፉ ጋር ይቀራረባል? ተሰብሳቢው፣ ማለትም ገና ያልተከፈለው ሒሳብ፣ ማን ላይ ነው? የት አገር? ቀኑ ካለፈ ስንት ወር ሆነው? ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጅ አውጥቶ ይህን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ነውሩ ምሳ እስኪደርስ አንገት ደፍቶ መቀመጡ ነው። ተሰብሳቢው ከሽያጩ ፈጥኖ የሚያድግ ከሆነ፣ እኔ በበኩሌ አልገዛም።