ይድረስ ለሰፈራችን ቦይ፤ ሲውጡ በደረሰኝ ይሁን

ጉዳዩ፦ በነሐሴ ስለወሰዱብኝ ረከቦት

ክቡር ቦያችን ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። እርስዎም ከጦሳ ተራራ የሚወርድ ጎርፍ እስካለ ድረስ ምንም አይጎድልዎትም። ሰኔ ላይ ጀሪካን፣ ሐምሌ ላይ ሳፋ፣ ነሐሴ ላይ አጥር ሳይቀር ይዘው ይወርዳሉ። የደሴ ሰው ይከስራል፣ የቦርከና ወንዝ ያተርፋል። ለምደነዋል። «ዘንድሮ ይጠረጋል» እየተባለ ሳይጠረጉ መክረምዎንም ለምደነዋል።

ያልለመድነው የመለሱትን ነው።

ረከቦቱ የሄደ ለታ ማንም አልደረሰልንም። በዚያ ዶፍ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ስትጮህ ሰፈሩ ሁሉ መስኮቱን ዘጋ። የታችኛው ጎረቤታችን ብቻ ብቅ ብለው «አይዞሽ፣ እንጨት አይደል? እንጨት ይተካል» አሏት። እኛም አዝነን፣ ሲኒውን ትሪ ላይ ደርድረን መጠጣት ጀመርን። መስከረም ላይ እኚሁ ጎረቤታችን ካጥራቸው ሥር ደለል ሲዝቁ አካፋቸው «ቋ!» አለ። ረከቦቴ! አንድ እግሩ ከመላላቱ በቀር ምንም አልሆነም።

እንጨት መሆኑ የዚያን ቀን ቀረ። ጎረቤታችን «ጎርፍ ያመጣልኝ ሲሳይ ነው፤ አላህ የሰጠኝን ልመልስ?» አሉ። ያከራያቸው ሰው «በግቢዬ የተገኘ የግቢዬ ነው» ብሎ ከኮምቦልቻ ድረስ መጣ። አክስቴ ከኩታበር ደውላ «የእናቴ ረከቦት እኮ ነው፤ አዋስኩህ እንጂ መች ሰጠሁህ?» አለችኝ። የአናጺው ልጅ አባቱ ሳይከፈለው የቀረ ሂሳብ ትዝ አለው። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደግሞ «እግሩ ከጭቃው ብቅ ብሎ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ግማሹ የኔ ነው» ብሎ ፈጠመ።

ልጁን አይናቁት። ትልልቆቹም እንደሱ ብለዋል።

ሳን ሆሴ የሚባል የስፔን መርከብ እ.ኤ.አ. በ1708 ከእንግሊዞች ጋር ሲዋጋ ኮሎምቢያ ውስጥ ካርታሄና አጠገብ ሰመጠ። ወርቅና ብር ጭኖ ነበር። ከ600 ያህል ሰው የተረፈው በጣት የሚቆጠር ነው። ከ300 ዓመት በላይ ተኛ። በ2015 ኮሎምቢያ «አገኘሁት» ስትል አባቱ በዛ። ስፔን «የጦር መርከቤ ነው» አለች። ኮሎምቢያ «በውኃዬ ውስጥ ነው» አለች። አንድ የአሜሪካ ድርጅት «ገና በ1980ዎቹ ቦታውን ያሳየኋችሁ እኔ ነኝ» ብሎ ድርሻውን ፍለጋ እስከ ዓለም አቀፍ ግልግል ሄደ። ቦሊቪያ ውስጥ ያሉ ቃራ ቃራ የሚባሉ ነባር ሕዝቦችም «ብሩን ከፖቶሲ ተራራ ተገደው የቆፈሩት አያቶቻችን ናቸው» አሉ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ለነሱ ያደላል። (ስለ አናጺው ልጅ ግን ባንነጋገር ይሻላል።)

ጎረቤታችን ግን ከዚህም የረቀቁ ናቸው። «የናንተ ለመሆኑ ማስረጃችሁ ምንድን ነው? ረከቦት ሁሉ ረከቦት ነው» አሉ። ይቺን ነገር የት እንደሰማኋት ታወሰኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ጠላቂ ኩባንያ ከአትላንቲክ ወለል 600,000 የሚጠጋ ሳንቲም፣ ክብደቱ 17 ቶን፣ አወጣና ከጅብራልታር ወደ ፍሎሪዳ በአውሮፕላን ጫነ። የየትኛው መርከብ እንደሆነ ሲጠየቅ «እርግጠኛ አይደለሁም» አለ። የመርከቡን ስም ትቶ «ጥቁር ስዋን» የሚል ስም አወጣለት። ስፔን መዝገቧን ገልጣ «ይቺማ በ1804 እንግሊዞች ያፈነዷት መርሴዲስ ናት» ብላ ተሟገተች። የአሜሪካ ፍርድ ቤትም የጦር መርከብ ቢሰምጥም የመንግሥቱ ነው ብሎ ፈረደላት። ፔሩ «ገንዘቡ የተመታው እኛ አገር ነው» ብትል አልሰሟትም። የጭነቱ ባለቤቶች የልጅ ልጆችም ቢመጡ አልሆነላቸውም። በየካቲት 2012 ሁለት የስፔን ወታደራዊ አውሮፕላኖች ያን ሁሉ ሳንቲም ጭነው ሄዱ። ጠላቂው ባዶ እጁን ቀረ።

እኔም መዝገቤን ገለጥኩ። የሠርጋችንን ፎቶ አመጣሁ። ረከቦቱ ላይ ማጨሻ ያቃጠለው ጥቁር ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጎረቤታችን መነጽራቸውን አደረጉ፣ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዞሩ፣ ከዚያ «ይሄ የካሜራው ጉድፍ ነው» አሉ።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ስምምነት አለ አሉኝ፤ እሱንም አየሁት። ከ100 ዓመት በላይ ውኃ ውስጥ የቆየ ቅርስ እንዳይቸበቸብ ይከለክላል። ከሁሉ በፊትም ባለበት እንዲቆይ ይመክራል። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «ባለበት ይቆይ ማለት ጭቃ ውስጥ ገብተን ቡና እናፍላ ነው?» አለችኝ። ለነገሩ የኛ አራት ሳምንት እንኳ አልሞላውም።

ደግሞ ለመቸብቸብ ግድ መስመጥ የለበትም። የኛው የመቅደላ ዕቃ መቼ ሰመጠ? በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭነው አወረዱት፤ ደላንታ ሜዳ ላይ ለራሳቸው ሰዎች በጨረታ ሸጡት። ጨረታ ነው እንግዲህ! የባለቤቱ ልጆች ግን እስከ ዛሬ «ስጡን» ይላሉ።

እኔ የምፈራው የኛውን የወሎውን ሐይቅ ነው። በተረቱ ነፍሰ ጡሯን የበደለችው ልዕልት ከነዘመዶቿ እዚያ ሰጥማለች። ነገ አንድ ዋናተኛ የልዕልቷን የእግር አልቦ ይዞ ቢወጣ ምን ሊሆን ነው? በዐዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት። ሰፈራችንን ሳውቀው ግን፣ ዋናተኛው ፎጣ ሳያገኝ አራት የልዕልቷ ዘመድ ይደርሳል። የነፍሰ ጡሯ ወገን ነኝ ባይም የሞራል ካሳ ይጠይቃል።

የኛ ጉዳይ በመጨረሻ አበጋር፣ ማለትም የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች ዘንድ ደረሰ። ዱኣ ተደረገ፣ ሁላችንም ተናገርን፣ ልጁም ተናገረ። ሽማግሌዎቹ «ነገሩ እስኪጣራ ረከቦቱ እኛ ዘንድ ይቀመጥ» አሉ። ይኸው አምስተኛ ወሩን ይዟል። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ሲኒ ተደርድሮበት፣ አቦሉ እየተቀዳበት አየሁት። «ግባ እንጂ፣ እንግዳ አትሁን» አሉኝ። ገባሁ። እስከ በረካ ድረስ ጠጣሁ። የላላውን እግሩን አጥብቀውለታል።

ይህን የምጽፍልዎት ግን ለሌላ ነገር ነው። በልግ ገብቷል፤ ማክሰኞ ማታ የግራ እግር ሲሊፐሬን ወስደዋል። ቀኝ እግሩን ለማስረጃ በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጫለሁ። ታች ሰፈር ላይ ከወጣ ሰማያዊ ነው፣ ተረከዙ በልቷል፣ ቁጥሩ 42። እባክዎ ያ ልጅ እንዳያየው።

ከአክብሮት ጋር፣
የላይኛው ግቢ ተከራይ፣ ደሴ